በዛፍ ላይ የተነበበ መጽሐፍ

(በደብሩ የኢዮቤልዩ በዓል ለካህናትና ለምእመናን የተነገረ ቃል)



ኢዮቤልዩ የሚለው ቃል ዛሬ ለሰው፥ ለማኅበርና ለቤተ ክርስቲያን የዕድሜ መቍጠሪያ ሁኖ ይነገራል። በኦሪት ግን ከሰው ጋራ ለምድርም የተሰጠ ነበር። በዘሌዋውያን መጽሐፍ በ25ኛው ምዕራፍ የተሠራው ሥርዓት እንዲህ ነው፤ ሰባት ጊዜ ሰባት ዓመት ተቈጥሮ 50ኛው ዓመት በደረሰ ጊዜ ገበሬው ዘር አይዘራም፥ ሳይዘራ የበቀለውንም ወደ ጎተራው አይሰበስብም፤ የተሸጠው ርስት ለባለርስቱ ይመለሳል፥ በድኽነት የተሸጠውም ሰው ወደ ወገኖቹ ይሄዳል። ባለዕዳው ሲያርፍ ምድርም ታርፋለች ማለት ነው። ስለዚህ በኢዮቤልዩ በዓል ስለ ዛፍና ስለ እንስሳ መናገር ከበዓሉ ምሥጢር መውጣት አይደለም።

ዛሬ የሚነገረው የአንዲት እንግሊዛዊት ሊቅ ታሪክ ነው። እኚህ ሴት በሕፃንነታቸው አንድ የተረት መጽሐፍ አንብበው፥ ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ 91 ዓመት ዕድሜያቸው ድረስ ያን መጽሐፍ ሲከተሉት ኖሩ። ስማቸው ዶክተር ጄን ጉዶል ነው። በ1934 በለንደን ከተማ ተወለዱ፤ በ2025 በኦክቶበር 1 ቀን በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ ዐረፉ። (በዚህ ንግግር የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ሥራቸውን የሰማ ሰው ብዙ ነው፤ እዚህ የሚነገረው ግን ሥራው ከየት እንደ ተነሣ ነው።

የታሪኩ መጀመሪያ ራሱ ከኢዮቤልዩ ጋራ የተያያዘ መሆኑ ያስገርማል። በ1935 የእንግሊዝ ንጉሥ ጊዮርጊስ 5ኛ የነገሡበት 25ኛ ዓመት በተከበረ ጊዜ፥ በለንደን የአራዊት ማሳያ ውስጥ አንዲት ቺምፓንዚ ተወለደች፤ ቺምፓንዚ የሚባለው ጅራት የሌለው ታላቅ የጦጣ ወገን ነው። ለበዓሉ መታሰቢያ እንዲሆን «ጁቢሊ» የሚል ስም ወጣላት፤ ይኸውም በእንግሊዝኛ ኢዮቤልዩ ማለት ነው። የጄን አባት በዚያችው ግልገል ስም የተጠራ የጨርቅ አሻንጉሊት ገዝቶ ለልጁ ሰጣት። የእናትዋ ወዳጆች ሕፃኒቱ ይህን መልክ እያየች በሌሊት ትባንናለች ብለው ፈርተው ነበር። እርስዋ ግን አሻንጉሊቱን ከእጅዋ አልለየችውም፤ አርጅታም ከቤትዋ አላወጣችውም።

የአንድ ዓመት ተመንፈቅ ልጅ ሳለች የምድር ትሎችን ከአትክልት ስፍራ ሰብስባ ወደ አልጋዋ አስገብታ ተገኘች። እናትዋ ወይዘሮ ቫን አልተቈጣቻትም፤ ትሎቹ አፈር ካጡ እንደሚሞቱ በለሰለሰ ቃል ነገረቻት፤ ትሎቹም ወደ አፈራቸው ተመለሱ። አራት ዓመት ተኩል ሲሆናት ደግሞ ወደ ገጠር ሂዳ ዶሮ ከሚረባበት እርሻ ተቀመጠች። እንቍላል መሰብሰብ ሥራዋ ሆነ፤ ነገር ግን እንቍላል የሚያህል ነገር ከዶሮ በየት በኩል እንደሚወጣ ብትጠይቅ ልብዋን የሚያሳርፍ መልስ አጣች። ከዚህ በኋላ ለማንም ሳትናገር ከዶሮ ቤት ገብታ ተሸሽጋ ተቀመጠች። አራት ሰዓት ያህል ቈየች። በውጭ ቤተ ሰቡ ሁሉ ጠፋች ብሎ ይፈልጋት ነበር፤ ፖሊስም ተጠርቶ ነበር። በመሸ ጊዜ ገለባ በጠጕርዋ ተሰክቶ እየሮጠች መጣች። እዚህ ላይ የብዙ ወላጅ እጅ ወደ አርጩሜ በሄደ ነበር፤ እናትዋ ግን በልጅቱ ዐይን ያለውን ደስታ አይታ ተቀመጠች፥ ዶሮዋ እንቍላሉን እንዴት እንደ ጣለችም ልጅቱ የምትተርከውን እስከ መጨረሻው ሰማች።

ይህን ነገር በዋዛ ማለፍ አይገባም። መጽሐፍ ልጅን ይለውጣል ሲባል መጽሐፉ ብቻውን የሚሠራ የሚመስለው ሰው አለ። ስለ ትሉና ስለ ዶሮዋ ተቈጥታ ዝም የምታሰኝ እናት ብትሆን ኖሮ፥ ኋላ የመጣው መጽሐፍ እንደ ሌላው ተረት ተነብቦ በመደርደሪያ ላይ በቀረ ነበር።

መጽሐፉ «የዶክተር ዱሊትል ታሪክ» ይባላል። ደራሲው ሂዩ ሎፍቲንግ የሚባል እንግሊዛዊ ነው፤ የታተመውም በ1920 ነው። ተረቱ የተወለደው ግን በጦር ሜዳ ነበር። ሎፍቲንግ በ1ኛው የዓለም ጦርነት ወታደር ሁኖ በምሽግ ሳለ ልጆቹ ደብዳቤ ይጠብቁ ነበር፤ እርሱም በዐይኑ የሚያየው ነገር ለሕፃን የሚጻፍ አልነበረም። በዚያ ላይ አንድ ነገር ልቡን ወጋው፤ የቈሰለውን ወታደር ሐኪም ሲያክመው፥ አብሮት መከራ የተቀበለው ፈረስ በቈሰለ ጊዜ ግን በጥይት ይገደል ነበር። ፈረስን ለማከም የፈረስን ቋንቋ የሚያውቅ ሐኪም ያስፈልጋል ብሎ ዐሰበ፤ እንዲህ ያለውን ሐኪም በልቡ ፈጥሮ ከሥዕል ጋራ ለልጆቹ ይጽፍላቸው ጀመር። በታሪኩ ውስጥ ዱሊትል ሰውን ማከም ትቶ፥ ፖሊኔዥያ ከምትባል በቀቀን የእንስሳትን ቋንቋ ተምሮ፥ በበሽታ የሚያልቁትን ጦጣዎች ሊያድን በመርከብ ወደ አፍሪካ ይሄዳል።

ጄን ይህን መጽሐፍ ከቤተ መጻሕፍት ተውሳ ያነበበችው የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች ነው። ጨርሳ እንደ ገና ጀመረችው፤ የሚመለስበት ቀን ሲቀርብም መብራት ከጠፋ በኋላ በብርድ ልብስ ውስጥ ሁና በእጅ ባትሪ ታነበው ነበር። አያትዋ የልጅቱን ነገር አይታ ለልደት በዓል ያንኑ መጽሐፍ ሰጠቻት። አሥር ዓመት ሲሆናት ደግሞ ካጠራቀመችው ሳንቲም «ታርዛን» የሚባለውን መጽሐፍ ከአሮጌ መጻሕፍት ሱቅ ገዛች። በዚያ መጽሐፍ በዱር ያደገው ታርዛን ጄን የምትባል ሴት ይወድዳል፤ አንባቢዋ ጄንም ታርዛን የመረጠው የማትሆነውን ጄን ነው ብላ ትቀና ነበር።

እውነቱ መነገር ስላለበት፥ እነዚህ መጻሕፍት ነውር የሌለባቸው አይደሉም። የታርዛን ደራሲ ኤድጋር ራይስ በሮውዝ አፍሪካን በዐይኑ ያላየ ሰው ነበር። በዱሊትል ታሪክም ውስጥ አፍሪካዊው የንጉሥ ልጅ መሣቂያ ሁኖ ተጽፎ ነበርና፥ ከብዙ ዘመን በኋላ በ1988 አሳታሚዎቹ ያን ክፍል አርመው አሳተሙት። ለበቀቀንና ለጦጣ የሚራራ መጽሐፍ ጥቍሩን ሰው ማክበር ሳይማር መቅረቱ ለአፍሪካዊ አንባቢ መራራ ነው። ይሁን እንጂ ልጅ ከመጽሐፍ የሚወስደው ደራሲው ያስቀመጠውን ሁሉ አይደለም። ጄን የወሰደችው አንድ ነገር ነው፤ እንስሳ የራሱ ነገር እንዳለው፥ ቋንቋውን ታግሦ የሚማርለት ሰው ከተገኘም ሊሰማ እንደሚችል።

የምታነብበትም ስፍራ ሊታወስ ይገባዋል። በቦርንማውዝ ከተማ በአያትዋ ግቢ ቢች የሚባል ታላቅ የአውሮፓ ዛፍ ነበረ። ወደ ላይ ከወጣች በኋላ በገመድ ጫፍ ባሰረችው ቅርጫት መጻሕፍትዋን እየሳበች፥ ከቅርንጫፉ ላይ ተቀምጣ ታነብ ነበር። ዛፉን እጅግ ስለ ወደደችው እንደ ሕግ ሰው አስመስላ የኑዛዜ ወረቀት ጻፈች፤ ቃሉም አያትዋ ዛፉን ለእርስዋ ታወርሳለች የሚል ነበር፤ አያትዋም ፈረመችላት። የዚያ ፊርማ ነገር በዳኛ ፊት ምን ያህል እንደሚጸና ሌላ ጕዳይ ነው፤ ልጅቱ ግን ከዚያ ቀን ጀምራ ዛፍ ያላት ሰው ሆነች።

ከዚህ በኋላ ያለው መንገድ ረጅም ነው፤ አጭር አድርጎ መናገር ይሻላል። አድጋ ወደ አፍሪካ እንደምትሄድ፥ ከአራዊት ጋራም ኑራ ስለ እነርሱ መጽሐፍ እንደምትጽፍ ስትናገር የሰማ ሁሉ ይሥቅ ነበር፤ ቤተ ሰቡ ገንዘብ አልነበረውም፥ ዘመኑ የጦርነት ነበር፥ እርስዋም ሴት ልጅ ነበረች። እናትዋ ብቻ ጠንክራ ከሠራችና ተስፋ ካልቈረጠች መንገድ እንደማታጣ ነገረቻት። ለዩኒቨርሲቲ የሚከፈል ስላልተገኘ የጽሕፈት ሥራ ተማረች። የትምህርት ቤት ጓደኛዋ ወደ ኬንያ በጠራቻት ጊዜም የመርከቡን ዋጋ ለማግኘት በምግብ ቤት አሳላፊ ሁና ሠራች። በ1957 በ23 ዓመትዋ ከኬንያ ደረሰች፤ በናይሮቢም የቤተ መዘክር ኀላፊ ከነበሩት ከሉዊስ ሊኪ ጋራ ተገናኘች። ሊኪ የጥንት ሰውን አጥንት የሚመረምሩ ሊቅ ነበሩ፤ በዱር ተቀምጦ ቺምፓንዚዎችን የሚያጠና ሰው ይፈልጉ ነበርና፥ የዩኒቨርሲቲ ማዕርግ የሌላትን ይህችን ጸሐፊ መረጡ።

በ1960 በጁላይ 14 ቀን በታንጋኒካ ሐይቅ ዳር ካለው ከጎምቤ ዱር ገባች። በዚያን ጊዜ አገሩን ይገዙ የነበሩት እንግሊዞች ሴት ብቻዋን በዱር አትቀመጥም ስላሉ እናትዋ አብራት መጣች፤ ያች የትሉና የእንቍላሉ እናት ማለት ነው። ብዙ ወራት ቺምፓንዚዎቹ ገና ከሩቅ ሲያዩዋት ይሸሹ ነበር። ኋላ ግን አንድ ጢሙ የሸበተ ወንድ መሸሽ ተወ፤ እርስዋም ዴቪድ ግሬይቢርድ፥ ማለት ጢመ ሽበቱ ዳዊት ብላ ጠራችው። በዚያው ዓመት ይህ ዴቪድ የሣር አገዳ ይዞ ወደ ምስጥ ኵይሳ እያስገባ፥ አገዳውን ነክሰው የወጡትን ምስጦች ሲበላ አየች፤ ሌላ ጊዜም ጭራሮ ቈርጦ ቅጠሉን ሲመለምል አየች። እስከዚያ ቀን ድረስ መሣሪያ መሥራት የሚችል ሰው ብቻ ነው ተብሎ ይታመን ነበርና፥ የዚህ ነገር ወሬ የሊቃውንቱን ትምህርት አሳረመ።

ከዚህ በኋላ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያውን ማዕርግ ሳይዙ ለዶክተርነት እንዲማሩ ተቀበላቸው። መምህራኑ ግን ነቀፏቸው፤ ለቺምፓንዚዎቹ ቍጥር መስጠት ሲገባ ስም መስጠታቸው፥ ጠባይና ሐዘን እንዳላቸውም መጻፋቸው እንደ ስሕተት ተቈጠረ። ጉዶል በልጅነታቸው ረስቲ ከሚባል ውሻ ጋራ ስላደጉ ይህ ነቀፌታ አላሳመናቸውም።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ የአንዲት ታላቅ ሊቅ ታሪክ ብቻ በሆነ ነበር። ከባዱ ነገር የመጣው ኋላ ነው። በ1986 ቺምፓንዚን የሚያጠኑ ሰዎች በቺካጎ ከተማ ተሰብስበው ሲነጋገሩ፥ ከየስፍራው የመጡት ሁሉ የሚያወሩት አንድ ሆነ፤ በአፍሪካ ሁሉ ዱሩ እየተመነጠረ፥ እንስሶቹም እያለቁ ነበር። ዶክተር ጉዶል ወደዚያ ጉባኤ ተመራማሪ ሁነው ገቡ፤ ሲወጡ ግን ያን የሚወድዱትን የዱር ኑሮ ትተው ስለ እርሱ ለመናገር ቈርጠው ነበር። ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን በዓመት 300 ቀን ያህል ከአገር ወደ አገር ሲዞሩ ኖሩ።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ በትንሽ አውሮፕላን ሁነው በጎምቤ ላይ አለፉ። በ1960 በመጡ ጊዜ ጫካው ዐይን እስከሚያይ ድረስ የተዘረጋ ነበር፤ አሁን ግን ጎምቤ በተራቈቱ ኰረብቶች መካከል እንደ ደሴት ቀርቶ አዩት። በኰረብቶቹ ላይ የሚኖረው ሕዝብ ምድሪቱ ከምትመግበው በላይ በዝቶ ነበር። ዛፉን የቈረጠው በክፋት ሳይሆን የሚያርሰውና የሚያነደው ስላጣ ነው።

ስለዚህ ነገር የዶክተር ዱሊትል መጽሐፍ የሚለው የለም። ያ መጽሐፍ ለታመመ ጦጣ መራራትን ለልጅ ያስተምራል፤ የተራበ ገበሬ ግን በውስጡ አልተጻፈም። የሕፃንነት መጽሐፍ ሰውን እስከ ጫካው ዳር ያደርሰዋል፤ በጫካው ዳር የሚኖረውን ሰው ማወቅ ግን ሌላ ትምህርት ነው፥ ጉዶልም የተማሩት 60 ዓመት ሊሞላቸው ሲቃረብ ነው። ሰዎቹ ሳይረዱ ቺምፓንዚዎቹን ማዳን እንደማይቻል ባወቁ ጊዜ፥ በ1994 በጎምቤ ዙሪያ ባሉት መንደሮች ታካሬ የሚባል ሥራ ተጀመረ። ወደ መንደሮቹ የሄዱት ታንዛኒያውያን ነበሩ፤ ትእዛዝ ይዘው ሳይሆን ምን ትፈልጋላችሁ ብለው ጠየቁ። ሕዝቡ ስለ ቺምፓንዚ አንድም ነገር አላነሣም፤ እህል እንዲበዛለት፥ ሕክምና እንዲያገኝ፥ ልጆቹም እንዲማሩለት ለመነ። ሥራው ከዚያ ጀመረ። የደከመው አፈር እንዲያገግም ተደረገ፤ ለሴቶች መነገጃ የሚሆን ትንሽ ትንሽ ብድር፥ ለልጃገረዶችም የትምህርት ርዳታ ተሰጠ። ከጊዜ በኋላ መንደሮቹ ራሳቸው ከመሬታቸው ከፍለው ለጫካ ተዉት። ሙቶአል የተባለ ጉቶ ምሳር ካልነካው ከሥሩ እንደ ገና ያቈጠቍጣልና፥ ራቁታቸውን የነበሩት ኰረብቶች መልበስ ጀመሩ።

በ1991ም በዳር እስ ሰላም በቤታቸው በረንዳ 12 የታንዛኒያ ተማሪዎችን ሰብስበው «ሥሮችና ቡቃያዎች» የሚባል የወጣቶች ማኅበር አቋቁመው ነበር፤ ይህም ማኅበር ወደ ብዙ አገሮች ተስፋፍቶአል። ባረፉበት ዕለት እንኳ በካሊፎርኒያ በፓሳዲና ከተማ ተማሪዎች ይጠብቋቸው ነበር። እሳት ባቃጠለው ስፍራ 5,000 ዛፍ ለመትከል ታስቦ፥ ሥራውን ከተማሪዎቹ ጋራ ሊጀምሩ ቀጠሮ ነበራቸው። ጉባኤው ሊጀመር ሲል የዕረፍታቸው ወሬ ተሰማ። ተማሪዎቹም መትከሉን አላስቀሩም።

እንግዲህ ይህ ታሪክ ወደዚህ ቅጽር የሚመለሰው በአንድ ነገር ነው፤ ያች ልጅ በቢች ዛፍ ላይ እንዳነበበች፥ የኢትዮጵያም ልጅ ለብዙ መቶ ዓመት መጽሐፉን ያነበበው በቤተ ክርስቲያን ዛፍ ሥር ነው። ከሀ ሁ ወደ አቡጊዳ፥ ከአቡጊዳ ወደ ፊደለ ሐዋርያ፥ ከዚያም በግእዝ ንባብ፥ በውርድ ንባብ፥ በቁም ንባብ እያለፈ ከዳዊት ይደርሳል። ዳዊት በጨረሰ ጊዜ ወላጆቹ ይደግሳሉ፥ የኔታም ይመርቁታል። የዚህ አገር የሕፃንነት መጽሐፍ የትኛው ነው ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ ዳዊት ነው። ውስጡን የመረመረ ሰው ደግሞ የፍጥረት መዝገብ ሁኖ ያገኘዋል። በ103ኛው መዝሙር ብቻ ምንጩና ከምንጩ የሚጠጣው የዱር እንስሳ፥ በዛፍ ላይ ቤቱን የሚሠራው ወፍ፥ የሊባኖስ ዝግባ፥ በዓለት ውስጥ የሚሸሸገው ሽኮኮ፥ በሌሊት የሚወጣው አንበሳ፥ በቀን ወደ ሥራው የሚወጣው ሰው፥ በባሕርም የሚመላለሰው ሁሉ በየተራቸው ተቈጥረዋል። ሰው በዚያ መዝሙር ከብዙዎች አንዱ ነው።

ነገር ግን የማይሸሸግ ችግር አለ። ልጁ ይህን ሁሉ የሚያነበው በግእዝ ነው። ሽኮኮ በድንጋይ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ በየዕለቱ ያያል፥ በመጽሐፉም ስለ ሽኮኮ ያነባል፤ የሚያነበው ያንኑ የሚያየውን እንስሳ መሆኑን ግን አያውቅም። ትርጓሜው ከብዙ ዓመት በኋላ ለጥቂቶች ይደርሳል፤ የሚበዙት ከዚያ ሳይደርሱ ወደ እርሻና ወደ ንግድ ይሄዳሉ። ይህን መናገር የኔታን መንቀፍ አይደለም፤ ንባቡ ቃል ሳይጐድል ከትውልድ ወደ ትውልድ የተላለፈው በእነርሱ ድካም ነው። ሆኖም ያች እንግሊዛዊት ልጅ የምታነበውን ታውቀው ስለ ነበር መጽሐፉ ከአገርዋ አውጥቶ ወሰዳት። የኔታ ንባቡን ሲያስቀጽሉ ከዚያ ቃል ላይ በደረሱ ጊዜ ጣታቸውን ወደ ድንጋዩ ቢያመለክቱ፥ ከትምህርቱ ጊዜ የሚወስደው ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም ነበር።

ዛፎቹ እስከ ዛሬ የቆሙት ልጁ ትርጓሜውን ዐውቆ ሳይሆን ቅጽሩ የተቀደሰ ስለ ሆነ ነው። በሰሜን ኢትዮጵያ ላይ በአውሮፕላን የሚያልፍ ሰው በታረሰው አገር መካከል ተበታትኖ ክብ ክብ የሆነ ለምለም ስፍራ ያያል፤ በየመካከሉም የቤተ ክርስቲያን ጣራ አለ። ጎምቤ እንደ ደሴት የቀረች አንዲት ናት፤ እዚህ ግን ደሴቶቹ በጣም ብዙ ናቸው። የደን ሊቅ የሆኑት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን መርምረው 168 ዐይነት ዛፍ፥ ቍጥቋጦና ሐረግ አግኝተዋል። ወይራው፥ ጽዱ፥ ዝግባው፥ ጥቍር እንጨቱ በሌላው ስፍራ ሲያልቅ በዚያ ተጠብቆ ኖሮአል። በ1938 ከአውሮፕላን የተነሡት ሥዕሎች በ2015 ከተነሡት ጋራ ተመሳክረው በ2017 የታተመ ጥናት፥ ደኖቹ እንዳልጠፉ፥ ነገር ግን በአገር በቀሉ ዛፍ ስፍራ ባሕር ዛፍ እየገባ እንደ ሆነ አሳይቶአል።

ለመጽናናት ግን ይህ አይበቃም። ከአንዳንዱ ደን ውስጥ የገባ ሰው ሽማግሌ ዛፎችን አይቶ ያደንቃል፤ ወደ መሬት የተመለከተ እንደ ሆነ ግን የዛፎቹን ልጆች ያጣል። ፍሬው ይወድቃል፥ ይበቅላልም፤ ከብት ግን ይረግጠዋል፥ ይግጠዋል። ዶክተር ዓለማየሁና ባልንጀሮቻቸው በደኖቹ ውስጥ አንዳንድ ስፍራ አጥረው፥ አንዳንዱን ሳያጥሩ ትተው ቢመለከቱ፥ ከብት ባልገባበት ስፍራ ችግኙ በርከት ብሎ ሲጸና አዩ፤ ይህንም በ2009 አሳተሙት። ከዚያ በኋላ ሜግ ሎውማን ከሚባሉት አሜሪካዊት የደን ሊቅ ጋራ ሁነው፥ ካህናቱና ሕዝቡ በየደኑ ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲክቡ አገዙ። ድንጋዩ ከአቅራቢያው እርሻ የተለቀመ ስለ ሆነ ገበሬው ማሳው ጠራለት፥ ደኑም አጥር አገኘ። በጎምቤ ኰረብቶች እንደ ሆነው ሁሉ፥ ለዛፉ የተደረገው ለሰውየውም ተደረገ።

ካብ ግን በር አለው፤ በሩን የሚከፍተውም እረኛው ነው። በበጋ ሣር ሲጠፋ ከብቱን ወደ ቅጽሩ የሚያስገባው ልጅ ማነው ቢባል፥ ጧት ከየኔታ ፊት ተቀምጦ ዳዊት ያነበበው ልጅ ራሱ ነው፥ ወይም ታናሽ ወንድሙ ነው። የደኑ ነገር በዚህ ልጅ እጅ ነው። ሊቃውንት ሊቈጥሩ ይችላሉ፤ አባቶች ሊያወግዙ ይችላሉ፤ በዚያች ሰዓት በበሩ አጠገብ ከልጁ በቀር ማንም የለም።

ስለዚህ ዳዊት የጨረሰ ልጅ በሚመረቅበት ቀን፥ ከድግሱ ጋራ አንድ ነገር ቢጨመር መልካም ይሆናል። ከታላቆቹ ዛፎች ሥር ብዙ ችግኝ ተፋፍጎ የበቀለበት ስፍራ አይታጣምና፥ አንድ የወይራ ወይም የጽድ ችግኝ ከነአፈሩ ተነሥቶ በቅጽሩ ገላጣ ቦታ ይተከል፤ ተካዩም ልጁ ይሁን። ከብት እንዳይደርስበት ዙሪያውን ድንጋይ ይከበብ፥ እስኪጸናም ድረስ በበጋ ውኃ ይጠጣ። ከዚያ የደብሩ አለቃ በአንዲት ወረቀት ላይ የልጁን ስም፥ የዛፉን ዐይነትና የተተከለበትን ቀን ጽፈው፥ ያች የቦርንማውዝ አያት እንዳደረገችው ይፈርሙለት። ወረቀቲቱንም ልጁ አጥፎ 103ኛው መዝሙር ካለበት ገጽ ላይ በዳዊቱ ውስጥ ያኖራታል።